ጎመን በጤና

ረኀብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሆድን የሚያስጮኽ ስለ ሆነ ማንም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ሆዱ በሞላ ሰው ላይ የሚያድር ነውና ባለቤቱም ጎረቤቱም ሳያዩት ይኖራል፤ ይኸውም የቪታሚንና የማዕድን ጉድለት ነው። ጠዋት እንጀራውን በልቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ ጠግቧል ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ዓይኑ፣ ደሙና አጥንቱ የሚሹትን ሳያገኙ የቀሩ እንደ ሆነ እርሱም ከተራቡት ወገን ይቈጠራል።

የዚህ ረኀብ መድኃኒት ሁልጊዜ ከሩቅና በብዙ ገንዘብ የሚመጣ ይመስለናል። ዳሩ ግን ከጎደለው ምግብ ይልቅ የጎደለው ዕውቀት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህንንም በሦስት ነገሮች፣ ማለት በፀሐይ፣ በጎመንና በጨው ለማስረዳት እንሞክራለን። የመጀመሪያው ያለ ዋጋ የሚገኝ፣ ሁለተኛው ከጓሮ የሚቀነጠስ፣ ሦስተኛው ከገበያ የሚገዛ ነው።

ስለ ፀሐይ

አገራችን የ13 ወር ፀሐይ ባለቤት መሆኗን በኩራት እንናገራለን። እንዲህም ሆኖ ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መለስለስ በሕፃናታችን ላይ ይገኛል። አጥንትን ለማጠንከር የሚያስፈልገውን ቪታሚን ዲ አብዛኛውን የሚሠራው የፀሐይ ብርሃን የነካው ቆዳችን ነው፤ ከምግብ የሚገኘው ጥቂት ነው። እናቶች ግን ብርድንና የሰው ዓይንን በመፍራት ሕፃኑን ጠቅልለው ከቤት ውስጥ ያኖሩታል። እንዲህ ያደገ ልጅ ለመቆምና ለመሄድ ይዘገያል፣ ሲቆምም እግሩ ይወላገዳል፤ የደረቱም አጥንት ስለሚለሰልስ አተነፋፈሱ ይደክማል። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ ሪኬትስ የሳንባ ምች በያዛቸው ሕፃናት ላይ ከሌሎቹ ሕፃናት ይልቅ እጅግ በዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። እንግዲህ ነገሩ የእግር መወላገድ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጥንቃቄው ግን አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ሕፃኑን ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ልብሱን አውልቆ፣ ዓይኑን ከልሎ፣ ጥቂት ደቂቃ በየቀኑ ፀሐይ ማሞቅ ነው። በመስኮት መስተዋት በኩል የሚገባው ብርሃን ለዚህ ሥራ አይረዳምና በፎቅ ቤት የሚኖሩ ወላጆች ልጁን ወደ ውጭ ማውጣት ይገባቸዋል።

ስለ ጎመን

«ጎመን በጤና» የሚለው አነጋገር ጤና ካለ ጎመንም ይበቃል ለማለት የተነገረ ነው። እኛ ግን ጤናው ራሱ በከፊል ከጎመኑ ይመጣል እንላለን። ልጁ ቀን ደኅና ሲጫወት ውሎ፣ ሲመሽ እየተደናቀፈ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ እንደ ሆነ ሰዎች ዳፍንት ይዞታል ይላሉ። ዳፍንት የቪታሚን ኤ መጉደል ምልክት ነው። በጊዜው ካልታረመ የዓይኑ ብሌን ይደርቃል፣ ይቈስላል፤ በተለይም ኩፍኝ የተጨመረበት እንደ ሆነ ልጁን ለዘለቄታው ሊያሳውረው ይችላል። ስለዚህ ምልክቱ የታየበት ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናትም በየ6 ወሩ የሚታደለውን የቪታሚን ኤ ጠብታ እንዲያገኙ ያስፈልጋል።

የዘወትሩ ጥበቃ ግን ከወጥ ቤት ነው። ጉበትና እንቁላል ለማይገኝበት ቤት ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች አሉለት። ነጩ ስኳር ድንች ይህ ጥቅም የለውም። ዘይት ወይም ቅቤ ያልነካው ጎመን ቪታሚኑን ለሰውነት በሚገባ አያስረክብምና ጥቂት ቅባት ይጨመርበት። ጎመኑም ሳይከተፍ ይታጠብ፤ የተቀቀለበትን ውኃ መድፋት ግን በውኃ የሚሟሟውን ሌላውን ቪታሚን አብሮ መድፋት ነው። 6 ወር ለሞላው ሕፃን በአጥሚቱና በገንፎው ውስጥ ከእነዚህ አትክልቶች አንዱን ፈጭቶ መጨመር ይገባል።

በዚሁ ላይ ስለ ደም ማነስ አንድ ቃል እንጨምር። በእህልና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለውን ብረት ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል፤ ሎሚ፣ ቲማቲምና ጥሬ ቃሪያ ግን ያግዙታል። በተለይ እርጉዞች ይህን ልብ ይበሉ። ቡናን ተዉ አንልም፤ ከማዕዱ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ እንጂ።

ስለ ጨው

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት እንቅርት ለአባቶቻችን ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበረ ያስረዳል። የእንቅርት ዋነኛው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። ዝናም ደጋውን ምድር ለብዙ ዘመን ሲያጥበው አዮዲኑን ስለሚወስደው በዚያ የበቀለውም እህል ድኻ ይሆናል። የአንገት ማበጥ ለዓይን የሚታየው ነው፤ ከእርሱ የሚከፋው ግን አይታይም። አዮዲን የጎደላት እርጉዝ ልጇ ሊጨነግፍባት፣ ቢወለድም መስማት የተሳነው ወይም አእምሮው የደከመ ሊሆንባት ይችላል።

የተራራ አገር የሆነችው ስዊዘርላንድም ይህ መከራ ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1922 ሐንስ ኤገንበርገር የተባለው ሐኪም በአፔንሴል አውራጃ ሕዝቡን አስተምሮ ፊርማ ስላሰባሰበ፣ አዮዲን ያለው ጨው በዚያ እንዲሸጥ ተፈቀደ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ከእንቅርት ጋር የሚወለድ ሕፃን ጠፋ። በእኛም አገር፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው እ.ኤ.አ. በ1998 በተነሣው ጦርነት ምክንያት ሲቋረጥ፣ ሕዝቡ ወደ አፍዴራ ጨው ተመለሰ፤ ይህም በዚያን ጊዜ አብዛኛው አዮዲን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት ከ100 ቤተ ሰብ ውስጥ በ89ኙ ያህል አዮዲን ያለው ጨው ተገኝቷል።

ሆኖም ደንቡ እስከ ሱቁ ደጃፍ ይሸኘናል እንጂ እስከ ድስቱ አይገባም። ጨውን አጥቦ መጠቀም፣ በፀሐይ ማስጣትና ክዳን በሌለው ዕቃ ማኖር አዮዲኑን ያጠፋል። ስለዚህ አዮዲን እንዳለው በማሸጊያው የተጻፈበት ጨው ይገዛ፤ ከእሳትና ከእርጥበት ርቆ ተከድኖ ይቀመጥ፤ በወጡም ላይ ድስቱ ሊወጣ ሲል ይጨመር። የአዮዲን ጥቅም የሚገኘው ጨው በማብዛት ሳይሆን ጨዉን በመጠበቅ ነው።

ስለ ማስተማር

ተማሪ የቪታሚኖችን ስም ከሀ እስከ ፐ ቢያነበንብ፣ እቤቱ ሲገባ ግን የጎመኑ ውኃ የሚደፋ ከሆነ ትምህርቱ ምን ጠቀመው? ደግሞም ሥጋና እንቁላል ለመግዛት የማትችልን እናት ሥጋና እንቁላል ግዢ ብሎ መምከር እርሷን ማሳፈር እንጂ ማስተማር አይደለም። እውነተኛ ጎዶሎ ላለበት ቤት ምክር ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ ነገር ግን የሚገኘው ጥቂት ነገር ሳይባክን ሙሉ ጥቅሙን እንዲሰጥ ያደርጋል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አስተምሩ፤ ልጁም እቤቱ አድርጎት መምጣቱን ጠይቁ። የጨው ዕቃው ተከድኗልን? ታናሽ እኅቱ ፀሐይ ሞቃለችን? በትምህርት ቤቱም ጓሮ አንድ መደብ ጎመንና አንድ መደብ ካሮት ይተከል። ወላጆች ሲሰበሰቡ እናቶችን ብቻ አትጥሩ፤ ገንዘቡን የያዘው አባትና ሕፃኑ ከቤት እንዳይወጣ የምታዘው አያትም ይምጡ። የልጁ ዓይን፣ አጥንትና አእምሮ የሚጠበቀው እነዚህ ሁሉ በአንድ ቃል ሲስማሙ ነውና።