ዐውዳዊ ፍቺ

ዐውዳዊ ፍቺ ማለት አንድ ቃል በገባበት ዓረፍተ ነገር ወይም አንቀጽ ውስጥ የሚይዘው ትርጉም ነው። መዝገበ ቃላት ለአንድ ቃል ብዙ ፍቺ ሊዘረዝር ይችላል፤ አንባቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚጠቁሙት ከቃሉ በፊትና በኋላ ያሉት ቃላት ናቸው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በምንባብ ውስጥ ለተሰመረባቸው ቃላት ዐውዳዊ ፍቺ መስጠት የተለመደ የአማርኛ መልመጃ ነው።

ጠብቀውና ላልተው የሚነበቡ ቃላት

የአማርኛ ጽሕፈት ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ በምልክት አይለይም። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ሲሆን ሲላላ «እስካሁን» እንደማለት ነው። «ዋና» ሲጠብቅ አለቃ ወይም ከሌላው የሚበልጥ፣ ሲላላ ደግሞ ውኃ ውስጥ መዋኘት ነው። «አለ» ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ይሆናል። «ይመታል» ላልቶ መቺውን፣ ጠብቆ ተመቺውን ያመለክታል።

ይህ ለጀማሪ አንባቢ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ፊደል የቆጠረ ልጅ «ይመታል» የሚለውን አራቱንም ፊደላት ቢያውቅ እንኳ፣ የሚመታው ማን እንደሆነ ሳይገባው ቃሉን በትክክል ሊጠራው አይችልም። ትርጉሙ ከድምፁ መቅደም አለበት ማለት ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ ሁለቱንም አነባበብ ከቤቱ ስለሚያውቀው ተሳስቶ ቢያነብ ጆሮው ያርመዋል። አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ልጅ ግን ይህ እርዳታ የለውም። በተለይ በቁቤ ማንበብ የጀመረ የኦሮምኛ ተናጋሪ በራሱ ቋንቋ የሚጠብቀው ተነባቢ ተደግሞ ሲጻፍ ማየት የለመደ ነው።

የሰዋስው ፍንጭ

ፍንጭ ሁልጊዜ ከቃላት ትርጉም ብቻ አይገኝም። «ልጁ ኳሱን ይመታል» በሚለው ውስጥ «ኳሱን» ላይ ያለችው «ን» ብቻዋን ግሱ እንደሚላላ ትናገራለች። «ልብስ ሰፊ» እና «ሰፊ ልብስ» የሚለያዩት በቃላቱ ቅደም ተከተል ነው፤ የመጀመሪያው ባለሙያ ነው፣ ሁለተኛው ልክ ያልሆነ ካፖርት ሊሆን ይችላል። የአማርኛ ግስ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚውል አንባቢው ወደ ግሱ ሲደርስ አብዛኛውን ፍንጭ ሰብስቦ ጨርሷል። ስም ግን መጀመሪያ ላይ ስለሚመጣ ወደፊት አንብቦ መመለስ ይጠይቃል። ጮክ ብለው የሚያነቡ ተማሪዎች «ዋና» ላይ ተሰናክለው ቃሉን ደግመው የሚያነቡት በዚህ ምክንያት ነው።

«ሳለ» እንደ ምሳሌ

አነባበባቸው ጭምር አንድ የሆነ ቃላትም አሉ። «በሽተኛው ሳለ»፣ «ልጅቷን በእርሳስ ሳለ»፣ «ቢላውን ሳለ»፤ ሦስቱም ላልተው ይነበባሉ። ምንጫቸው ግን የተለያየ ነው። በግእዝ ማሳል «ሰዐለ»፣ ሥዕል መሣል «ሠዐለ»፣ ስለት ማውጣት «ሰሐለ» ሲሆን፣ መለመን ደግሞ «ሰአለ» ነው፤ «ስእለት» የመጣው ከዚህ ከመጨረሻው ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹንና የሰ እና የሠን ልዩነት ሲያጣ አራቱ ሥሮች በአንድ ድምፅ ላይ ተገናኙ። «ተሳለ» የሚለው ቃል ለሥዕልም፣ ለቢላም፣ ለተሳለ ምእመንም የሚያገለግለው ከዚህ የተነሣ ነው። «እሱ ሕፃን ሳለ» ሲባል ግን ቃሉ ይጠብቃል፤ ከ«አለ» የተገኘ ሌላ ቃል ነው።

የቅኔ ሊቃውንት ይህን መደራረብ እንደ ሀብት ይጠቀሙበታል። ሰሙንና ወርቁን በአንድነት የሚሸከመው ቃል ኅብረ ቃል ይባላል፤ እዚያ ዐውዱ የሚሠራው አንዱን ፍቺ ለመጣል ሳይሆን ሁለቱንም ለማቆየት ነው።

በማስተማር ላይ

የተለመደው ዘዴ ተማሪው ቃሉን ዘልሎ ዓረፍተ ነገሩን እንዲጨርስ፣ ትርጉሙን እንዲገምት፣ ከዚያም ግምቱን በቦታው ተክቶ ስሜት መስጠቱን እንዲፈትሽ ማድረግ ነው። የመጨረሻው እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ያለ እሱ ግን ልምምዱ ግምት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዐውድ ሁልጊዜ ይረዳል ማለትም አይደለም። ኢዛቤል ቤክ፣ ማርጋሬት ማክኪዎንና ኤለን ማክካስሊን በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ዐውዶችን በአራት ከፍለዋል፦ የሚያሳስት፣ ምንም የማይጠቁም፣ በጥቅሉ የሚጠቁም እና በቀጥታ የሚመራ። ለሕፃናት የሚቀርብ መልመጃ ከአራተኛው ዓይነት ቢጀምር ይሻላል። «ቀለም አመጣ» የሚል መልመጃ ተማሪውን አይረዳም፤ «ግድግዳውን ሊቀባ ቀለም አመጣ» ግን ቀለሙ የጽሕፈት አለመሆኑን ወዲያው ያሳያል።

ዐውድና ኮምፒውተር

ጥያቄው የኮምፒውተር ሳይንስም ነው። ዋረን ዊቨር በ1949 እ.ኤ.አ. ስለ ማሽን ትርጉም በጻፈው ማስታወሻ፣ አንድ ቃል ብቻ በሚያሳይ ቀዳዳ የተሸፈነ ገጽን እንድናስብ ጠይቆ ነበር። በዚህ ሁኔታ የቃሉን ፍቺ መወሰን አይቻልም፤ ቀዳዳው በግራና በቀኝ እየሰፋ ሲሄድ ግን ፍቺው ይለያል። ጥያቄው ቢያንስ ስንት ቃል ማየት ይበቃል የሚለው ነው። ሙከራውን በክፍል ውስጥ በተቀደደ ወረቀት መሥራት ይቻላል። ለ«ልብስ ሰፊ» በግራ በኩል አንድ ቃል ይበቃል። «ዛሬ ገና ነው» ለሚለው ግን ሙሉው ዓረፍተ ነገር ቢታይም አይበቃም፤ ከእሱ በፊት የተጻፈውን ወይም ቀኑን ማወቅ ያስፈልጋል።