እከክ ሲይዝ ቤተሰቡ በሙሉ ይታከም

ማታ ማታ እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ከያዘዎትና ከቤተሰብዎም ሌላ የሚያሳክከው ሰው ካለ፣ የምግብ አለርጂ ነው ብለው ከመደምደምዎ በፊት እከክን ይጠርጥሩ።

እከክ (ስኬቢስ) በዓይን ለማየት በምታስቸግር ጥገኛ ተባይ የሚመጣ የቆዳ በሽታ ነው። ሴቷ ተባይ የላይኛውን ቆዳ ሰርስራ ገብታ እንቁላል ትጥላለች። ማሳከኩ ሰውነታችን ለተባዩና ለእንቁላሉ የሚሰጠው ምላሽ በመሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ምልክት ላያሳይ ይችላል። በዚህ ጊዜም ለሌሎች ያስተላልፋል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት በአማራና በሌሎች ክልሎች በወረርሽኝ መልክ መታየቱ ይታወሳል።

ሽፍታው በብዛት በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በእምብርት ዙሪያ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ይወጣል። በሕፃናት ላይ ፊት፣ መዳፍና የውስጥ እግርም አይቀርም። የሚተላለፈው ቆዳ ለቆዳ ረዘም ባለ ንክኪ፣ በተለይም አብሮ በመተኛት ነው። ንጹሕ ሰውንም ስለሚይዝ አይፈሩበት።

ከእንስሳት ይተላለፋል?

ውሻ፣ ፍየል፣ በግና ግመል የየራሳቸው የእከክ ተባይ አላቸው። ፀጉሩ የረገፈ ውሻ ያቀፈ ወይም የታመመች ፍየል ያለበ ሰው ክንዱና ደረቱ ላይ ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል። ሆኖም የእንስሳቱ ተባይ በሰው ቆዳ ላይ ስለማይራባ እንስሳው ሲታከምና ንክኪው ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ማሳከኩ ከቀጠለና ከአንዱ ወደ ሌላው የቤተሰብ አባል ከተዛመተ ግን ምንጩ ሰው መሆኑ አይቀርም።

ሕክምናው

በሐኪም ትእዛዝ ፐርሜትሪን፣ ቤንዚል ቤንዞኤት ወይም የሰልፈር ቅባት ይሰጣል፤ የሚዋጥ አይቨርሜክቲንም አለ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ። ቅባቱ የሚያሳክከው ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ ጥፍር ሥርም ሳይቀር ይቀባል። የማያሳክካቸውም ጭምር የቤተሰቡ አባላት ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለባቸው፤ አለበለዚያ የዳነው መልሶ ይያዛል።

በዚያው ቀን ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ይታጠብ። የማይታጠበውን በፌስታል አስረው ለአንድ ሳምንት ያስቀምጡ። ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል በራስዎ ውሳኔ ቅባቱን ደጋግመው አይቀቡ።

ለከብት የተዘጋጀ መድኃኒት፣ ማላታይን ወይም ነጭ ጋዝ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ይመርዛሉ። ያለ ትእዛዝ የሚገዛ የስቴሮይድ ቅባትም ምልክቱን ይደብቃል እንጂ ተባዩን አይገድልም።

የታከከው ቆዳ መግል ከቋጠረ፣ በተለይም በልጆች ላይ ፊት ካበጠ ወይም ሽንት ከጠቆረ፣ ኢንፌክሽኑ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።