ወለል ከሥሩ ይመረጣል

ከአሽቀሎን እስከ ሐዴራ በተዘረጋው የሜዲትራኒያን ጠረፍ የሚኖር ቤተሰብ ወለሉን ለመቀየር ሲነሣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሴራሚክ ሱቅ ነው። ቀለም ያማርጣል፣ ስፋት ይለካል፣ ዋጋ ይጠይቃል። የባሕር ጠረፍ ቤት ግን በተቃራኒው ቢጠና ይሻላል፤ መጀመሪያ ከንጣፉ ሥር ያለው፣ ቀጥሎ ንጣፉ ራሱ፣ ቀለሙ በመጨረሻ። በኔታንያም ሆነ በአሽዶድ ወለል የሚያበላሸው ውሃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚመጣው ዓይን ከማያየው ቦታ ነው።

በእስራኤል አፓርታማዎች የወለል ሴራሚክ እንደ ልማዱ በቀጥታ በኮንክሪቱ ሶሌታ ላይ አይለጠፍም። በመካከላቸው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሙሌት አለ። በቆዩት ቤቶች ሙሌቱ አሸዋ ነው፤ በአዲሶቹ ደግሞ ሠራተኞች ሱምሱም፣ ማለትም ሰሊጥ፣ የሚሉት ደቃቅ የተፈጨ ድንጋይ በብዛት ይገባል። የውሃ ቧንቧውም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦም የሚቀበሩት እዚሁ ውስጥ ነው። ለግንባታ ምቹ አሠራር ነው፤ ሆኖም አንድ የቧንቧ መገጣጠሚያ በቀስታ ማንጠባጠብ ከጀመረ ውሃው ወደ ላይ ብቅ ሳይል በሙሌቱ ውስጥ ወደ ጎን ይጓዛል። ሰንብቶ ከዞኮሎው በላይ የግድግዳው ቀለም ያብጣል፣ ነጭ ጨው ይወጣዋል፣ ሻጋታ ይይዘዋል። ቧንቧው የሚያፈሰው ግን ሁለት ክፍል ርቆ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይጣራ በላዩ አዲስ ንጣፍ ማንጠፍ ገንዘብን እርጥብ አሸዋ ላይ መድፋት ነው። የግድግዳው ግርጌ እርጥበት ካሳየ ቧንቧው ይፈተሽ፣ ይጠገን፤ ሙሌቱም እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ ውሃ የጠገበ ከሆነ ወጥቶ ይቀየር።

ከሁሉ ይልቅ አጥብቄ የምናገረው ስለ መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ሙሌት ከሌሎች ክፍሎች ሙሌት ጋር መገናኘት የለበትም። በበሩ ሥር፣ ከሶሌታው ተነሥቶ እስከ ሴራሚኩ ታች የሚደርስ ጠባብ የኮንክሪት መከለያ ይሠራል። ውሃ የማያስገባው ሽፋን ሶሌታውን ካለበሰ በኋላ በዚህ መከለያና በግድግዳዎቹ ግርጌ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ የውሃ መውረጃው ተደፍኖ ክፍሉ በውሃ ይሞላና ለ3 ቀን ያህል ይጠበቃል፤ የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ሙሌቱ ይገባል። ይህን ደረጃ ለመዝለል የሚቸኩል ባለሙያ ቢገጥማችሁ ሥራውን አስቁሙ። ሴራሚኩ አንዴ ከተነጠፈ መከለያው ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ንጣፉ እንምጣ። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ልቡ ወደ ፓርኬ ቢያደላ አይፈረድበትም። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ እንጨት ለዓመታት ያምራል። በጠረፉ ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ የአየሩ እርጥበት 70 በመቶ ግድም ይደርሳል። በፋብሪካ የደረቀ እንጨት በውስጡ 8 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይመጣል፤ 70 በመቶ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ከቆየ ወደ 13 በመቶ ይጠጋል። 4 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል በቀይ ኦክ ቢነጠፍና እንጨቱ እንደ ልቡ ቢሰፋ ይህ ልዩነት 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምርበታል። ግድግዳው ስለሚያግደው ጣውላው ጠርዝ ጠርዙ ይነሣል፣ ይጎብጣል። ኤር ኮንዲሽነሩ ሲበራ መልሶ ይሸማቀቃል፤ መስኮቱ ሲከፈት እንደገና ያብጣል። እንጨት የግድ ከተባለ፣ ተደራራቢ ስስ እንጨቶች የቃጫቸው አቅጣጫ እየተሻገረ የተጣበቁበት ዓይነት ከድፍን ጣውላ በጣም ይሻላል።

በሱቆቹ ፓርኬት ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው በአብዛኛው እንጨት ሳይሆን ላሚኔት ነው፤ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ላይ የእንጨት ፎቶግራፍ ተለጥፎበት። በዚህ አገር ወለል የሚታጠበው ውሃ አፍስሶ በጎማ እየገፉ ነው፤ ስፖንጃ የሚባለው ይህ እጥበት ለሚሠራበት ቤት ላሚኔትን አልመክርም። ውሃው በመገጣጠሚያው ገብቶ ጠርዙ አንዴ ካበጠ አይመለስም። የድንጋይ ዱቄትና ፒቪሲ ተቀላቅሎ የሚሠራው ተጋጣሚ ንጣፍ ውሃን ይችላል፤ ከሥሩ ያለውን እርጥበት ግን አፍኖ ይይዛል። የቡና ማንደጃ በሚወጣበት ሳሎን ደግሞ አንዲት የከሰል ፍንጣሪ የማይለቅ ጠባሳ ትተውበታለች።

ለጠረፉ የሚስማማው ፖርሰሊን ነው። በ1,200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ግድም ስለሚተኮስ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ውሃ አለመምጠጡ ግን ለአንጣፊው ፈተና ነው፤ በተራ ሲሚንቶ በቅጡ አይያዝም። ጀርባው ሙሉ በሙሉ ለፖርሰሊን በተሠራ ማጣበቂያ መቀባት አለበት፤ አራት ማዕዘኑ ላይና መሃሉ ላይ ጉብ ጉብ ማድረግ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ባዶ ቦታው ላይ ይሰነጠቃል። በሁለት ሴራሚክ መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ ከግድግዳው ጋርም አይግጠም፣ ያን ክፍተት ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ክፍተት የሌለው ወለል ሙቀት ሲያሰፋውና ኮንክሪቱ ሲሸማቀቅ መሄጃ ያጣል፤ አንድ ቀን በድንገት ጮሆ እንደ ድንኳን ይነሣል። ለመታጠቢያ ቤት የሚያብለጨልጨውን ትታችሁ የመንሸራተት ደረጃው አር 10 የሆነውን ጠይቁ።

ቤታችሁ የቆየ ከሆነና ባላታው ገና ካለ፣ ለመንቀል አትቸኩሉ። 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ በሲሚንቶ ውስጥ የእብነ በረድ ፍርካሽ የታሰረበት የቴራዞ ንጣፍ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ሕዝባዊ ቤቶች ወለል ነበር፤ በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ የገቡ ብዙ ቤተሰቦችም በእነዚሁ ቤቶች ሠፍረዋል። እንደ ድህነት ምልክት መቆጠሩ ያሳዝነኛል። ሲደበዝዝ በማሽን ተፍቆ ይወለወላል፤ ቧንቧ ሲያፈስ ጥቂት ፍሬ ተነቅሎ ተጠግኖ ይመለሳል። 80 በ80 የሆነ ፖርሰሊን ግን ሲነቀል ይሰበራል። ስለዚህ ፖርሰሊን የምትገዙ ከልኩ 10 በመቶ ጨምራችሁ ግዙ፤ ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው የምርትና የቀለም ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ተመልከቱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ቀለም ሱቅ ውስጥ ማግኘት አይታሰብምና የተረፈውን አልጋ ሥር አስቀምጡት።