ያውቁ ኖሯል? ጀልባ እየሄደ ዓሣ የሚያጠምድ ክር

ከወልድያ ተነስቶ በሲሪንቃ፣ በመርሳና በውርጌሳ አድርጎ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ውጫሌን ካለፈ በኋላ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ለሀብሩና ለወልድያ ሰው ቅርቡ ትልቅ የዓሣ ውኃ ከከተማው አጠገብ ያለው፣ በዚሁ ስም የሚጠራው ሐይቅ ነው። ዓሣ ላጥምድ ብሎ የሚነሳ ወጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለመንጠቆው ነው፤ ክሩን ያገኘውን ይወስዳል። ዓሣውን ከእጃችን ጋር የሚያገናኘው ክሩ ብቻ ነውና የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ማን ያሳድዳል? ማን አያሳድድም?

◆ ትሮሊንግ የሚባለው ዘዴ ጀልባው በዝግታ እየተጓዘ፣ ማባበያውን ከኋላው እየጎተተ የሚያጠምድበት ነው። ማባበያው የሚሸሽ ትንሽ ዓሣ ስለሚመስል የሚይዘው ሌላ ዓሣ አሳድዶ የሚበላውን ነው።

◆ ሐይቅ ላይ በብዛት የሚሰገረው ቆሮሶ አሳዳጅ አለመሆኑን ያውቁ ኖሯል? ዋና ምግቡ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ ነው። ለቆሮሶ ብሎ ሞተር አስነስቶ ክር መጎተት ነዳጅ ማባከን ነው። ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆና ትዕግሥት ይበቁታል።

◆ ቆሮሶ ለሐይቅ እንግዳ ነው። ከሌላ ውኃ መጥቶ የተለቀቀው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

◆ አምባዛ ከታች፣ ከጭቃው አጠገብ ይውላል። አፉ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር የደቃቅ ጥርስ መደዳ አለው፤ በደረት ክንፎቹ ላይም ጠንካራ እሾህ አለው። ለእሱ የሚመረጠው ሲፋቅ የማይበጠስ ወፈር ያለ ናይለን ነው።

◆ በጣና ሐይቅ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ያህል የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነዚህ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። በዓለም ላይ ላቢዮባርበስ በሚመደብበት የዓሣ ቤተሰብ ውስጥ ዓሣ በሊታ መሆን ብርቅ ነው። መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመንጠቆው በላይ የሚታሰር የሽቦ መሪ አያስፈልጋቸውም።

◆ የነብር ዓሣ ግን ሌላ ነው። በጫሞና በባሮ የሚገኘው ይህ ዓሣ ከአፉ ውጭ የሚታይ ስለታም ጥርስ አለው። የቱንም ያህል ጠንካራ ክር ይሁን በአንድ ንክሻ ይቆርጠዋል። ለእሱ አጭር የሽቦ መሪ ግድ ነው።

◆ ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የሌለው ለምንድን ነው? ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ አያሳልፍም። በጫሞ፣ በአባያና በባሮ ግን አለ። ትሮሊንግ በአገራችን ውኃዎች ውስጥ ትክክለኛ ተጋጣሚውን የሚያገኘው በእሱ ነው።

◆ በዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር መዝገብ በመንጠቆ የተያዘው ትልቁ ናይል ፐርች 104 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የተያዘው በግብፅ ናስር ሐይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

ክሩ ከምን ተሠራ?

◆ ከናይለን በፊት የዓሣ ክር ከሐር፣ ከተልባ እግር ጭረትና ከፈረስ ጭራ ይሠራ ነበር። ናይለን የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ፣ ዋላስ ካሮተርስ በሚመራው ቡድን ነው።

◆ ዛሬ ገበያው ላይ ያሉት ሦስት ዋና ዓይነቶች ናቸው፦ ነጠላው ናይለን (ሞኖፊላመንት)፣ ፍሎሮካርቦን እና ከብዙ ቀጫጭን የፖሊኢትሊን ጭረቶች የተሸረበው ክር።

◆ የተሸረበው ክር ከውኃ ይቀላል፤ ይንሳፈፋል። ናይለን ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ፍሎሮካርቦን ከውኃ አንድ ተኩል ጊዜ በላይ ስለሚከብድ ፈጥኖ ይወርዳል።

◆ ናይለን ከመበጠሱ በፊት የርዝመቱን ከአምስት አንድ እጅ ወይም ከዚያ በላይ ሊለጠጥ ይችላል። የተሸረበው ክር ግን ምንም አይለጠጥም ማለት ይቻላል።

◆ ይህ ልዩነት በትሮሊንግ ትልቅ ትርጉም አለው። ዓሣው ማባበያውን ሲነክስ ጀልባው ወደፊት እየሄደ ስለሆነ ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ናይለን እየተለጠጠ ድንገተኛውን ጉተታ ያለዝበዋል። የማይለጠጥ ክር ግን ወይ መንጠቆውን ከዓሣው አፍ ይገነጥለዋል፣ ወይ ራሱ ቋጠሮው ላይ ይበጠሳል። ለጀማሪ ናይለን የሚመከረው ለዚህ ነው።

◆ የተሸረበውን ክር የመረጠ ሰው መፍትሔ አለው፦ መጨረሻው ላይ ጥቂት ሜትር ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን መሪ ይቀጥልበታል፣ ዓሣው ሲጎትት ክር የሚለቀውን የመጠምጠሚያውን ፍሬንም ላላ ያደርጋል።

ኪሎው ምን ይላል?

◆ በክሩ ጥቅል ላይ የተጻፈው ኪሎ ዓሣው ይህን ያህል ይመዝናል ማለት አይደለም። ክሩ የሚበጠስበትን ጉልበት ነው የሚያሳየው። 10 ኪሎ የሚል ክር ከፍሬን ጋር በጥበብ ከተያዘ ከ10 ኪሎ በላይ የሆነ ዓሣ ያወጣል፤ በድንገት ከተጎተተ ግን ለ5 ኪሎ ዓሣም ይበጠሳል።

◆ ፍሬኑ የሚስተካከለው ከክሩ ጉልበት ከአራት አንድ እስከ ከሦስት አንድ ባለው መካከል ነው። ለ10 ኪሎ ክር ከ2.5 እስከ 3.3 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ይህን ለመለካት የእጅ ሚዛን ክሩ ላይ አስሮ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ መጠምጠሚያው ክር መልቀቅ ሲጀምር ሚዛኑ ላይ የሚነበበው የፍሬኑ ልክ ነው።

◆ ናይለን ውኃ እንደሚጠጣ ያውቁ ኖሯል? ሲረጥብ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል። ዓለም አቀፉ ማኅበር ለክብረ ወሰን የቀረበን ክር የሚፈትነው አርጥቦ የሆነውም ለዚህ ነው። ፍሎሮካርቦንና የተሸረበው ክር ውኃ አይጠጡም።

ምን ያህል ይጠልቃል?

◆ የሐይቅ ውኃ ከሁሉ በጠለቀበት ቦታ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ክርና ማባበያ ግን ወደ ታች የሚወርዱት ውኃው በፈቀደው ልክ ነው። ውኃው ክሩን ወደ ኋላ በገፋው ቁጥር ማባበያው ወደ ላይ ይነሳል።

◆ የተሸረበ ክር በእኩል ጉልበት ከናይለን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ውፍረት አለው። ቀጭን ስለሆነ ውኃው ብዙም አይገፋውም፣ ስለዚህም ያው ማባበያ በበለጠ ጥልቀት ይሄዳል።

◆ ለጥልቅ ውኃ ብቻ የተሠራ፣ ውስጡ የእርሳስ ጭረት ያለው ክርም አለ። በየ9 ሜትሩ ቀለሙ ይቀያየራል፤ አጥማጁ ቀለም ቆጥሮ ስንት ሜትር እንደለቀቀ ያውቃል።

◆ ጀልባው ሲፈጥን የሚሰምጥ ማባበያ ይነሳል፣ ሲዘገይ ይወርዳል። ጀልባው ሲዞር ደግሞ በውስጠኛው ጎን ያለው ክር ይዘገይና ይወርዳል፣ የውጭኛው ይፈጥናል። ዓሣው በየትኛው ጎን እንደያዘ የሚያስተውል አጥማጅ ፍጥነት መጨመር ወይም መቀነስ እንዳለበት ከዚያ ይረዳል።

ዓሣው ክሩን ያየዋል?

◆ ብርሃን ፍሎሮካርቦን ውስጥ የሚታጠፍበት ልክ በውኃ ውስጥ ከሚታጠፍበት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ከናይለን ይልቅ ለዓይን ይሰወራል። በጠራ ውኃ ለመሪነት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

◆ ሐይቅ በቀድሞ ዘመን ሲጠና ውኃው ከዛሬው እጅግ የጠራ ነበር። ዛሬ አልጌው በዝቶ አረንጓዴ ሆኗል። እንዲህ ባለ ውኃ ለማይታይ ክር ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ከማውጣት ለጥንካሬ ማውጣት ይሻላል።

◆ ቀይ ቀለም ውኃ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል። ቀይ ክር ጥቂት ሜትር ሲወርድ ግራጫ፣ ሲብስ ጥቁር ይመስላል።

ቋጠሮና እንክብካቤ

◆ ክር አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ቋጠሮው ላይ ነው። ተራ ቋጠሮ የክሩን ጉልበት እስከ ግማሽ ሊቀንሰው ይችላል።

◆ ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ወይም በውኃ ይረጥባል። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይፋተግና ይግላል፤ ሙቀቱም ያዳክመዋል። ቀስ ብሎ፣ በአንድ ወጥ ጉልበት ማጥበቅ ነው።

◆ በየዕለቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻውን ሁለት ሜትር በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጥፍር መካከል ያሳልፉት። የሚሻክር ወይም የሚያደናቅፍ ቦታ ከተገኘ ከዚያ በላይ ቆርጦ እንደገና ማሰር ነው። በድንጋይ የተፋቀ ክር ለዓይን ጤነኛ መስሎ ለእጅ ግን ይናገራል።

◆ የተሸረበ ክር በባዶው መጠምጠሚያ ላይ በቀጥታ ከተጠመጠመ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ጥቂት ዙር ናይለን ማድረግ ችግሩን ይፈታዋል።

◆ ፀሐይ ናይለንን ታደክማለች። በመኪና መስታወት ሥር ወይም በጀልባ ወለል ላይ ወራት የከረመ ክር በጉልበቱ አይታመንም። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

◆ የተሸረበ ክር ሲጠብቅ ሥጋ ይቆርጣል። ዓሣ ያዘ ብሎ በጣት ወይም በእጅ አንጓ ላይ መጠምጠም ፈጽሞ አይገባም። በእጅ የሚጎትት ሰው ጓንት ያድርግ።

ውኃው ውስጥ የቀረው

◆ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ግምት እንደሚለው ውኃ ውስጥ የተጣለ ናይለን ክር ለመበስበስ እስከ 600 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የወፍ እግር፣ የዓሣ ክንፍና የጀልባ ሞተር ይተበትባል። የተቆረጠ ክር ኪስ ውስጥ ገብቶ ወደ ቤት መመለስ አለበት።

◆ በደጋ ወንዞቻችን ዓሣ በብርብራ ፍሬ ዱቄት ማደንዘዝ የቆየ ልማድ ነው። መርዙ ግን ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ለነገ የሚቀረውን ጫጩት ዓሣ ጭምር ይጨርሳል። መንጠቆና ክር ትንሹን መልሶ ለመልቀቅ ዕድል ይሰጣሉ።

◆ አገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አውጥታለች። አዲስ ዘዴ ይዞ ወደ ውኃ ከመውጣት በፊት በአካባቢው ያለውን የግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሱቅ ሲገቡ

ቆሮሶ ለማጥመድ ሐይቅ የሚወርድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሚይዝ ቀጭን ናይለን ይግዛ። አምባዛ የሚፈልግ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ያለውን ይውሰድ። በጣና ጀልባ እየነዳ ዓሣ በል ላቢዮባርበስ ሊያጠምድ ያሰበ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ናይለን ከፍሎሮካርቦን መሪ ጋር ይያዝ። ወደ ጫሞ ለናይል ፐርች የሚሄድ ደግሞ ከ20 ኪሎ ያላነሰ ክርና ወፍራም መሪ ያዘጋጅ፤ የነብር ዓሣ ካለበት ሽቦ ይጨምር። መጀመሪያ ዓሣውን፣ ቀጥሎ ውኃውን፣ ከዚያ በኋላ ዋጋውን ይጠይቁ። የተበጠሰ ክር ዓሣውን መንጠቆ አፉ ውስጥ እንደያዘ እንዲሞት ሊያደርገው ይችላልና ክርን በልኩ መምረጥ ለሚያጠምደው ሰው ብቻ ሳይሆን ለዓሣውም የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።