አሮጌው ቮልስ በኦቾሎ ዳገት፦ የሞተር ኃይልና የአየር እፍግታ

ሞተር የሚመገበው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው «ቤንዚን» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ግን ጎዶሎ ነው። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ያስፈልገዋል። በሌላ አነጋገር፣ 1 ሊትር ቤንዚን በባሕር ወለል ላይ ሲቃጠል 9 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር፣ ማለትም 45 በርሜል የሚሞላ አየር ይወስዳል። ስለዚህ ሞተርን ማጎልበት ማለት በመጀመሪያ ደረጃ አየሩን በአግባቡ መጠቀም ማለት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በአገራችን ከተሞች ዛሬም የሚታየው ቮልስዋገን ቢትል፣ በተለምዶ አጠራሩ ቮልስ ነው። የዚህ መኪና ምርት እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ቢያበቃም፣ ባለቤቶቹ እያደሱ ይገለገሉበታል። መኪናው ከእነ ነባር ሞተሩ በመጠኑ እንዲጎለብት የሚፈልግ ሰው ምን ሊያገኝ ይችላል? ምንስ ሊያጣ ይችላል?

ከፍታ የሚቀንሰው ኃይል

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን መንገድ እናስብ። አርባ ምንጭ 1285 ሜትር፣ ጨንቻ ደግሞ 2700 ሜትር ገደማ ከባሕር ወለል በላይ ይገኛሉ። ከኦቾሎ አምባ ሆኖ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል የተመለከተ ሰው የከፍታውን ልዩነት ያለ መሣሪያ ይረዳዋል። ሞተሩም ይህንኑ ልዩነት በራሱ መንገድ ይረዳዋል።

እፍግታ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገኝ መጠነ ቁስ ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት፣ የአየር እፍግታ በአርባ ምንጭ ከፍታ የባሕር ወለሉ 88 በመቶ፣ በጨንቻ ከፍታ ደግሞ 76.5 በመቶ ነው። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ይዘት አይለወጥም፤ በይዘቱ ውስጥ ያለው አየር ግን ይሳሳል። በባሕር ወለል ላይ 44 የፈረስ ጉልበት ያለው የ1500 ቮልስ ሞተር በጨንቻ ከፍታ 34 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ይህም የአነስተኛው የ1200 ሞተር የባሕር ወለል ኃይል ነው።

ድብልቁን ማስተካከል

ካርቡራተር ቤንዚኑን በይዘት እንጂ በመጠነ ቁስ አይለካም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በተመጣጣኝ መጠን አይቀንስለትም። በግምታዊ ስሌት፣ የቤንዚኑ ድርሻ ከአየሩ እፍግታ ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ ይጨምራል። በባሕር ወለል ላይ ለሙሉ ኃይል 13 ለ1 ሆኖ የተስተካከለ ድብልቅ አርባ ምንጭ ላይ 12.2 ለ1፣ ጨንቻ ላይ 11.4 ለ1 ይሆናል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል።

መፍትሔው ቤንዚን የሚያልፍበትን የነሐስ ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ ነው። በቀዳዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ዲያሜትሩን በሚሊሜትር መቶኛ ይገልጻል፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊሜትር ነው። ለጨንቻ ብቻ ቢሰላ 117 ገደማ ይደርሳል። ነገር ግን በዚያው ቀዳዳ ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት የወረደ ሞተር ድብልቁ ወደ 14 ለ1 ስለሚሳሳበት፣ በሙሉ ጭነት ከልክ በላይ ይግላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ለሚመላለስ መኪና 120 ይሻላል፤ አርባ ምንጭ ላይ 13.2፣ ጨንቻ ላይ 12.3 ይሰጣልና። ይህ ማሻሻያ ዋጋው አነስተኛ ሲሆን፣ ቤንዚንም ይቆጥባል።

ጭመቃ፣ ብልጭታና ይዘት

በንድፈ ሐሳብ፣ የጭመቃው ምጣኔ ከ7.5 ወደ 8.5 ቢያድግ የሞተሩ የሙቀት ብቃት ከ55.3 ወደ 57.5 በመቶ ይጨምራል። ተግባራዊው ብቃት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ቢሆንም፣ አንጻራዊው ትርፍ 4 በመቶ ገደማ ነው። የሳሳ አየር ዝግ ብሎ ስለሚቃጠል፣ የካንዴላውን ብልጭታ በጥቂት ዲግሪ ማስቀደምም ይጠቅማል። ሁለቱም ግን አንድ ወጥመድ አላቸው። ደጋ ላይ ያለ ችግር የሠራ ሞተር ቆላ ሲወርድ፣ አየሩ ጥቅጥቅና ሞቃት ስለሚሆን ድብልቁ ያለ ጊዜው ሊፈነዳ ይችላል። ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱ ችላ ከተባለም ፒስተኑ ይበሳል። ስለዚህ ብልጭታው መስተካከል ያለበት መኪናው በሚደርስበት ዝቅተኛና ሞቃት ስፍራ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ይዘትን መጨመር ነው። የ1500 ሞተር ሲሊንደሮች 83 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው። በእነርሱ ምትክ የ1600ዎቹ ባለ 85.5 ሚሊሜትር ሲሊንደሮችና ፒስተኖች ሲገቡ፣ ይዘቱ ከ1493 ወደ 1584 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ማለትም በ6 በመቶ ያድጋል። ጭመቃውና ይዘቱ አንድ ላይ ሲደመሩ ጨንቻ ላይ 34 የነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ 37 ይደርሳል። የጠፋው 10 የፈረስ ጉልበት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ አየሩ የለምና። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ የሳሳው አየር ማቀዝቀዣውንም ያደክመዋል። ስለሆነም የማራገቢያው ቺንጋ፣ የሲሊንደሮቹ ክንፎች ንጽሕናና የሞተር ዘይቱ ከማናቸውም ማሻሻያ በፊት ይቀድማሉ።

የወጣው ሲወርድ

ከነተሳፋሪዎቹ 1100 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1400 ሜትር ሲወጣ 15 ሚሊዮን ጁል ኢነርጂ ያከማቻል። ይህ ኢነርጂ 45 ሊትር ውኃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ይበቃል። በቁልቁለቱ ላይ ኢነርጂው በሙሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። አሽከርካሪው በከባድ ማርሽ ካልወረደ ሙቀቱ የሚያርፈው ፍሬን ላይ ነው፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ አቅሙን ያጣል። በዳገት ላይ 3 የፈረስ ጉልበት ማጣት የሚያስከትለው መዘግየትን ብቻ ነው፤ በቁልቁለት ላይ ፍሬን ማጣት ግን ሕይወትን ያሳጣል። ስለዚህ ለሞተሩ ገንዘብ የሚያወጣ ባለቤት አስቀድሞ ፍሬኑን ያስፈትሽ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። አየር የማይመገበው የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ምክንያት ኃይሉ አይቀንስም። በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ግን በአንድ ቀን አይጠፉም፤ በአግባቡ የተስተካከለ ሞተር ጭሱም ወጪውም ያነሰ ነው። አንባብያን የአዲስ አበባን ከፍታ 2350 ሜትር፣ እፍግታውንም የባሕር ወለሉ 79 በመቶ አድርገው በመውሰድ፣ ለመዲናዋ የሚስማማው የቤንዚን ቀዳዳ ስንት ቁጥር እንደሚሆን ቢያሰሉ መልካም መለማመጃ ይሆናቸዋል።