ፈንግል በሥጋ ዶሮ ቤት

ፈንግል፣ በሳይንሱ አጠራር የኒውካስል በሽታ፣ የዶሮ መንጋን በቀናት ውስጥ ሊጨርስ የሚችል የቫይረስ በሽታ ነው። ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1926 በጃቫ ደሴትና በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ አካባቢ ከተከሰተ በኋላ ነው።

ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር መጥተው በእስራኤል ከተሞች፣ በቂርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ለሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች በሽታው እንግዳ አይደለም። በአገር ቤት የሚበረታው በጋው አልቆ ዝናብ ሲጀምር ነው። ዶሮዋ ማንቀላፋት ስትጀምር ባለቤቷ ሳትሞትበት ገበያ ያወጣታል፤ የገዛት ሰውም በሽታውን ወደ መንደሩ ይዞ ይገባል። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ባሉት ሞሻቮች (የገበሬ መንደሮች) ግን የሥጋ ዶሮ የሚረባው በሺህ እየተቆጠረ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። እዚያ ቫይረሱን የሚያዛምተው ገበያ ሳይሆን ጫማ፣ የመኖ መኪና፣ የዶሮ መጫኛ ሣጥንና የዱር ወፍ ነው።

የቫይረሱ ዝርያዎች እኩል ገዳይ አይደሉም። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባው በገላው ላይ ያለው ፕሮቲን በኢንዛይም ሲቆረጥ ነው። የደካማውን ዝርያ ፕሮቲን የሚቆርጡት ኢንዛይሞች በመተንፈሻና በአንጀት ብቻ ስለሚገኙ ሕመሙ ከማስነጠስ ብዙም አያልፍም። የኃይለኛውን የሚቆርጠው ግን በመላው ሰውነት ስላለ ቫይረሱ እስከ አንጎል ይዘልቃል።

ምልክቱ ከ2 እስከ 15 ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ5 ወይም በ6 ቀን ይታያል። ዶሮዎቹ መኖ ይተዋሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል። ሰንበት ያሉት አንገታቸው ይጠማዘዛል፣ እግራቸውም ይሽመደመዳል። ሐኪም የሞተችውን ሲከፍት ጨጓራዋ ላይ የደም ነጠብጣብ ሊያገኝ ይችላል፤ የወፍ ጉንፋንም እንዲሁ ስለሚያደርግ ግን በዓይን አይፈረድም። ቁርጡ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው፤ በእስራኤል ይህን የሚሠራው ከያቭኔ በስተሰሜን፣ ቤት ዳጋን የሚገኘው የኪምሮን የእንስሳት ሕክምና ተቋም ነው።

መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። ችግሩ የሥጋ ዶሮ ዕድሜ ነው፦ በ40 ቀን አካባቢ ይታረዳል። ጫጩት ከእናቷ በእንቁላሉ አስኳል በኩል የመከላከያ አቅም ትወርሳለች፤ ይህ ውርስ ከ4 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ቀድመው ቢከትቡ ውርሱ ክትባቱን ያከሽፈዋል፤ ቢያዘገዩ ጫጩቷ ባዶ እጇን ቫይረሱን ትጋፈጣለች። ስለዚህ አንድ ጊዜ መከተብ አይበቃም፦ በተፈለፈለች ቀን ይረጭላታል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ በመጠጥ ውሃ ይደገማል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ስለሚገድለው በሊትር 2.5 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ይጨመርበታል፤ ዶሮዎቹም እንዲጠማቸው ውሃ ቀደም ብሎ ይነሣባቸዋል። ተንኮለኛው ነገር፣ ክትባት ሞትን እንጂ መያዝን ሙሉ በሙሉ አለመከልከሉ ነው። ጤነኛ የሚመስል የተከተበ መንጋ ቫይረሱን ለጎረቤት ሊያዛምት ይችላል።

የዛሬዋ እስራኤል በክትባቱ ታሪክም ስም አላት። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ ገና በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን፣ ኮማሮቭ የተባለ ተመራማሪ ቫይረሱን በዳክዬ ጫጩቶች አንጎል ደጋግሞ በማሳለፍ አለዝቦ በስሙ የሚጠራውን ክትባት ሠራ። ክትባቱ በናይጄሪያ አገልግሏል፤ ነገር ግን ጠንከር ስለሚል ቀደም ብለው ለተከተቡ ትልልቅ ዶሮዎች እንጂ ለሥጋ ጫጩት አይሆንም። ለኢትዮጵያ ገጠር የሚመቸው በቢሾፍቱው የእንስሳት ጤና ተቋም የሚመረተው፣ ሙቀት የሚችለውና በዓይን በጠብታ የሚሰጠው አይ-2 የተባለ ክትባት ነው።

በሽታው በሰው ላይ ቢበዛ ለጥቂት ቀናት ዓይን ያቀላል፤ በደንብ በበሰለ ሥጋ አይተላለፍም። ቫይረሱ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በ30 ደቂቃ ይሞታል፤ በኩስና በጉዝጓዝ ውስጥ ግን ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ አዲስ ጫጩት ከመግባቱ በፊት ጉዝጓዙ ወጥቶ ቤቱ ይታጠባል፣ ይረጫል፣ ለተወሰነ ጊዜም ባዶውን ይቆያል።