ከመድኃኒቱ በፊት ምርመራው

የጡት ካንሰር በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አንድ ዓይነት በሽታ አይደለም። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ለተባሉት ሆርሞኖች ተቀባይ የሌለው፣ የሴልን ዕድገት የሚያፋጥነው ኸር-2 የተሰኘ ፕሮቲንም ያልበዛበት ካንሰር «ትሪፕል ኔጌቲቭ» ይባላል። ከጡት ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ይህ ዓይነት በወጣት ሴቶች ዘንድ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ሆርሞንን የሚገቱ መድኃኒቶች ስለማይሠሩበት፣ ወደ ሳንባ፣ ጉበት፣ አጥንት ወይም አንጎል ከተሰራጨ በኋላ ለረጅም ዘመን ኬሞቴራፒ ብቻ ይሰጥ ነበር።

ዛሬ ግን ምርጫው በምርመራ ውጤት ላይ ይመሠረታል። ካንሰሩ ከሰውነት የመከላከያ ኃይል የሚሸሸግበት ፒ.ዲ-ኤል-1 የተባለ ፕሮቲን በበቂ መጠን ከተገኘ፣ ያንን ኃይል የሚያነቃቃው ፔምብሮሊዙማብ ከኬሞቴራፒ ጋር ይሰጣል፤ ኪኖት-355 በተሰኘው ጥናት ይህን ከወሰዱት ሕሙማን ግማሾቹ ከ23 ወር በላይ ሲኖሩ፣ ኬሞቴራፒ ብቻ ከወሰዱት ግን ግማሾቹ የኖሩት ከ16 ወር በላይ ነበር። መድኃኒቱ ግን የመከላከያ ኃይሉን በጤናማ አካል ላይም ሊያስነሣ ስለሚችል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ብርቱ ተቅማጥ ሲከሠት ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ቀድሞ የተሰጠው ሕክምና ሲከሽፍ፣ ኬሞቴራፒውን ተሸክሞ ወደ ካንሰሩ ሴል የሚያደርሰው ሳሲቱዙማብ ጎቪቴካን አለ፤ ዕድሜን ማርዘሙ ተረጋግጧል፤ ነጭ የደም ሴልን መቀነሱና ተቅማጥ ማምጣቱም እንዲሁ።

ቢ.አር.ሲ.ኤ በተባሉት ዘረ መሎች ላይ የተወረሰ ለውጥ ላላቸው ደግሞ ኦላፓሪብና ታላዞፓሪብ የተባሉ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉ፤ የበሽታውን መባባስ ያዘግዩ እንጂ በጠቅላላው ዕድሜን ማርዘማቸው በግልጽ አልታየም። እነዚህ አዳዲስ መድኃኒቶች በኢትዮጵያ እንደ ልብ የማይገኙ፣ ዋጋቸውም የብዙውን ቤተሰብ አቅም የሚያልፍ መሆኑ እጅግ ያሳዝናል። ሆኖም የዘረ መል ምርመራ ለውድ መድኃኒት ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ቲ.ኤን.ቲ የተባለው የብሪታንያ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ለውጥ ያላቸው ሕሙማን ካንሰር ዶሲታክሰል ከተባለው ኬሞቴራፒ ይልቅ ካርቦፕላቲን ለተባለው ሌላ ነባር ኬሞቴራፒ የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። የዘረ መል ምርመራው ውጤት ለእኅቶችና ለሴት ልጆችም ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ስለዚህ ታካሚዋና ቤተሰቧ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የተቀባዮቹን ውጤት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከተሰራጨበት ቦታ ናሙና መውሰድ ይቻል እንደሆነም ሐኪሙን ያማክሩ፤ የሕመም ማስታገሻም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የሕክምናው አካል እንዲሆን ይጠይቁ።